የማክሰኞ መስመር

ብራስልስ፣ አራተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ላይ ዝናብ፤
ሥራዬ ቀላል ነው፦ ሰማይ መተለም፣ ወንበር መደርደር፣ ትርፍ መገንዘብ።
ፍሪታውን ለእኔ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ሦስት ፊደል ነበረች፣
በማክሰኞ ዓምድ ላይ፣ በቀጭን ሰማያዊ፣ ተሰምራ የኖረች።
ባሕሯን አላየሁም፣ የጀልባዋን ጡሩምባ አልሰማሁም፤
አየር ማረፊያዋ ከውኃው ማዶ ነው ወይስ ወዲህ፣ ከቶ አልጠየቅሁም።
የማውቀው ይህን ነው፦
መቶ ሰማንያ ስድስት ወንበር፣ መቶ አሥራ ሁለት ሰው።

ከዚያ ባላንጣ መጣ፣
ከፓሪስ ተነሥቶ፣ በዚያው በማክሰኞ፣ ከእኛ ሃያ ደቂቃ ቀድሞ የሚወጣ።
እሱ አርባ ዩሮ ቀነሰ፤ እኛ ሃምሳ ጣልን፤
እሱ ሁለተኛ ሻንጣ በነፃ ፈቀደ፤ እኛ ሦስት አልን።
አለቃዬ ዮሪስ፣ የእኛንና የእነሱን ዋጋ ጎን ለጎን ገልብጦ፣
«ማን ቀድሞ እንደሚደማ እስቲ እናያለን» አለኝ፣ ጠረጴዛዬ ጫፍ ተቀምጦ።

ዝሆኖች ሲጣሉ ሣሩ ነው የሚጎዳው ይባላል፤ ያ ተረት
ስድስት ወር ዋሸኝ፤ ሣሩ ለመለመ፣ በዝሆኖቹ ጠብ፣ ዕለት በዕለት።
ለቀብር ያልደረሰ፣ ለሠርግ ደረሰ፤
ድምፅ ብቻ ያውቅ የነበረ፣ የእናቱን ጉንጭ ዳሰሰ።

ግን ታኅሣሥ ይጎርፋል፣ የካቲት ይደርቃል፤
ማሽኔ ሁለቱን ደምሮ ማካፈል ብቻ ያውቃል።
የጎርፍና የድርቅ አማካይ ምንድን ነው?
ጠብታ ነው ይለኛል፤ ጠብታ ክንፍ አያነሣም፣ ኪሳራ ነው።

በመጋቢት መጨረሻ
አንድ ሰረዝ አሰመርኩ፣ ከማክሰኞ ራስ እስከ መድረሻ።
ሰረዝ ለዕረፍት ነው፣ ሐረግ ለመለያ፣ ይሉን ነበር ትምህርት ቤት፤
የእኔ ሰረዝ ለየ፣ ሚስትን ከባለቤት።

በመጨረሻው በረራ እኔኑ ላኩኝ፣ ቢሮውን እንድዘጋ፤
ያኔ ነው ያየሁት፣ በጨለማው መሐል፣ ብርቱካናማ መብራት፣ ሁለት በትር፣ ግራ ቀኝ እያለ ወደኛ ሲጠጋ።
ሳንቲጊ ይባላል፣ የጆሮ መከለያው በክር የተቋጠረ፣
ያን ሁሉ ብረት እንደ ጥጃ ስቦ መስመሩ ላይ ያሰረ።

ደብዳቤውን ሰጠሁት። አነበበ። አጠፈ። ኪሱ ከተተ።
«ስንት ሰው ቢጨመር ይቀጥል ነበር?» አለኝ፤ ድምፁ አልቆጣ፣ አልሻከረ።
«አሥራ ዘጠኝ» አልኩት።
ዞር አለ፤ ከአጥሩ ማዶ የቆሙትን ሸኚዎች፣ በጣቱ ሳይሆን በዓይኑ ቆጠረ፤
አሥራ ዘጠኝ ሲሞላ ዝም አለ፤
ገና ብዙ ሰው ነበረ።

ባላንጣችን ብቻውን ሲቀር፣ ዋጋውን በእጥፍ ሰቀለ፤
በሰኔ እሱም ወጣ፤ «ገበያው ደካማ ነው» አለ።
ከዚያ ወዲህ መንገዱ በካዛብላንካ ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ወለል፤
ጫማ ተንተርሶ የሚጠብቅ ሰው፣ የሌላ አገር ስም ሲጠራ ይሰማል።

በታኅሣሥ ፎቶ ደረሰኝ፣ ቃል ያልተጨመረበት፦
የታግሪን ወደብ፤ አሸዋ የጫነ መኪና ወደ ጀልባው ሆድ ሲገባ፤ ሳንቲጊ ከፊት፣
በእነዚያው ሁለት በትሮች፣
ግራ፣ ቀኝ፣ ጥቂት ወደ ኋላ፣
ቁም።

አዲስ ሰንጠረዥ ከፍቻለሁ፤ ባንጁል፣ ሐሙስ፣ ሌሊት።
ዮሪስ ስሌቱን ጠየቀኝ፤ «ገና ነው» አልኩት።
በኅዳጉ ላይ፣ ማሽኑ በማያነበው ቦታ፣
በእርሳስ ጽፌአለሁ፦
አሥራ ዘጠኝ።