አንገት ላይ የሚበላ

ከሼድ አሥራ ሁለት፣ ከሦስተኛው መስመር፣
ሥራዬ ይኸው ነው፦ አንገት ላይ ማሳደር
ጥፍር የምታህል የሐር ቁራጭ ጨርቅ፣
"የት ተሰፋህ?" ሲሉት መልስ እንዳይጨንቅ።
በቀን ስምንት መቶ፤ ሲያስቸኩሉ ዘጠኝ።
ቋንቋ ታውቃለች ብለው ከማሽኔ አነሱኝ
ኦዲት የመጣ ዕለት፣ በበጋው መጨረሻ፣
አስተርጓሚ አድርገው፣ ለአንድ ቀን፣ እስከ ማምሻ።

አንዱ ሚስተር ዩን ነው፣ የመስመር አለቃ።
ከቻይና ነው የመጣው፤ ግን ኮሪያዊ ነው፤ በቃ፣
እንዲያ ነው የሚለው፣ ማንም ሳይጠይቀው።
አያቱ በችጋር ዘመን፣ ረሃብ ሲያስጨንቀው፣
የቱመንን ወንዝ በረዶው ላይ ተሻግሮ
ሩዝ ዘርቶ ቀረ፣ ከማያውቀው አፈር ተቋጥሮ።

ሌላዋ ሶራያ፣ የሩቤ ልጅ፣ ከፈረንሳይ።
የእሳት በር ትለካለች፤ ሽንት ቤት ከፍታ "እስኪ ልይ"።
አያቷ ከካቢል ተራራ ወርዶ፣ ባሕር ተሻግሮ
ሱፍ ሲፈትል ኖረ፣ እስኪደነቁር ጆሮ።
ፋብሪካው ተዘጋ፤ ማሽኖቹ ተጫኑ
ርካሽ እጅ ወዳለበት። "እነዚህ ይሆኑ?"
አለችና ሳቀች፣ የእኔን ማሽን ነክታ።

ምሳ ሰዓት። የውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር።
ሦስታችንም እንግሊዝኛችን የተሰባበረ ነው፤
ለዚህ ይሆናል የተግባባነው።

"አንቺ እንኳ ዜጋ ነሽ" አለ እሱ፣ ዳቦውን እየቆረሰ።

"ዜጋ ነኝ። ሲያመኝ ሐኪም አለኝ፣ አልከፍልም።
ቤታችን የመንግሥት ነው፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ፤
ሊፍቱ ከተበላሸ ግን እናቴ ከወር በላይ መሬት አትረግጥም።
ሰባ ሁለት ማመልከቻ ላክሁ፤ ስሜን አይተው ሦስቱ መለሱ።
የአያትሽ አገር የት ነው ብሎ የሚጠይቅ ቅጽ የለንም፤ ክልክል ነው።
አንቆጠርም።
ያልተቆጠረ ሰው ደግሞ ምን ይጎድልበታል?"

ሚስተር ዩን ኪሱን ዳሰሰ፤ ካርድ አወጣ።

"እኛን ይቆጥሩናል። ይኸው፣ ሁሉም ተጽፏል፦
ከየት እንደመጣሁ፣ ምን ሥራ እንደተፈቀደልኝ፣ እስከ መቼ።
እናቴ ሴኡል ውስጥ የማታውቃቸውን ሽማግሎች ገላ ታጥባለች፤
በደሞዟ መንደራችን ቤት ሠርተናል፣ አልዋሽም፣ ባለ ሁለት ፎቅ፣
የሚኖርበት የለም።
አፌን ስከፍት ባለታክሲው በመስታወት ያየኛል።
በበዓል ቀን ወገን እንባላለን። በማግስቱ ቻይና።"

እሷ ካርዱን ተቀብላ ገለበጠችው።
"ቢያንስ ጽፈውልሃል" አለች።
እሱ፦ "ቢያንስ አልጻፉብሽም።"

ከዚያ ሁለቱም ዞሩ፦ "አንቺስ?"

እኔ? እኔማ ባሕር አልተሻገርኩ።
ከቦዲቲ ነኝ፤ ግማሽ ቀን በማይሞላ አውቶቡስ።
አንድ ክፍል፣ አራት ሴት፣ ሁለት ፍራሽ፤
አንዷ ከሌሊት ፈረቃ ስትገባ፣ የአልጋውን ሙቀት ትታላት የምትወጣ።
ኪራዩ የደሞዜ እኩሌታ።
"እዚህ አገሬ ነው" አልኳቸው፤
ቶሎ አልኩት፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

በማግስቱ ቀበሌ ሄድኩ፣ መታወቂያ ላወጣ።
አከራዬ እትዬ አሰገደች ምስክር ልትሆን መጣች፤
አባቷ ጡረተኛ ወታደር ነበር፣ ከሐይቁ ወዲህ ገና ሣር ሳለ
ቦታ ተመርቶለት የሰፈረ።
እሷ እዚሁ ተወለደች፣ እዚሁ ዳረች፣ እዚሁ ቀበረች።
ባጃጁ ላይ፣ ታቦር ተራራን እያየች፣
"እኔንም እስካሁን ይጠይቁኛል" አለች፣
የዝናብን ነገር እንደሚያወራ ሰው።

ፀሐፊው ቀና ሳይል ስሜን ጻፈ፦ በየነች።
ዕድሜ። ሥራ። የቤት ቁጥር።
ቀጥሎ፣ በዚያው ድምፅ፣ "ብሔር?"

እትዬ አሰገደች ነጠላዋን አስተካከለች።
ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ብዕሩ ወረቀቱን አልለቀቀም።
የማውቀውን መልስ እንደማላውቅ ሆኜ ስዘገይ፣ እሱ ሲጠብቅ፣
አንገቴን በላኝ። እጄ ሄደ።
                     ምንም የለም፤ ጨርቅ።