ሞላ

ቢቸና መውጫ ላይ፣ ከወፍጮው ጀርባ፣
የጤና ጣቢያው መኪና፣ ሐምሌ እንደገባ፣
በአራት ጉቶ ቆመች፣ ጎማዋ ተፈታ፤
ሆዷን ገልጣ ዋለች፣ ከጠዋት እስከ ማታ።

ከሥሯ ተንጋልዬ በባትሪ አየኋት፦
ባሌስትራው ተሰንጥቋል፣ ቦኮላም የላት፤
አሞርዛተሩ ዘይቱን አልቅሶ ጨርሶ
ደርቋል፣ እንደ ሰው ከቀብር ተመልሶ።

ሾፌሩ ልየው ነው። «ከፍ አድርጋት» አለኝ፤
«መረሬው ሆዷን ይዞ አልለቅም እያለኝ፣
ሱሃ ዳር ቆሜ ሳጓራ፣ ጎማ በጭቃ ሲዞር፣
ሁለት ወላድ በቃሬዛ ቀደሙኝ በእግር።»

ከፍ ማድረግ ቀላል ነው፤ ማንም ያደርገዋል።
ከተገለበጠ ኢሱዙ ባሌስትራ ፈታሁ፣
ለኋላው ሦስት ብረት ደረብኩ፣
ለፊቱ ረጅም ሞላ አስመጣሁ።
አንማው በየደልኝ፤ መነጽር የለውም፣
ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ በእጁ እያየ።
ክሮቼራው ጮኸ፤ ከፍታው ማዕዘኑን አዛብቶታል፤
የፍሬኑ ቱቦ አጠረ፤ ሌላ ፍለጋ ማርቆስ ደርሼ መጣሁ።
በአምስተኛው ቀን ቆመች፣ እንደ ቅልብ በቅሎ፤
መንገደኛው ዞሮ አያት፣ «ወይ ጉድ!» ብሎ፣ «ወይ ጉድ!» ብሎ።
እኔም ኮራሁ፤ ምን ልዋሽ።

ረዳቴ ይበልጣል ብቻ፣
ከዲማ ቅኔ ቤት የኮበለለው፣
ክሪኩን ተደግፎ፣
«ጌታው፣ ሞላ በዛ፤ ሰው ጎደለ» አለ።
የቅኔ ተማሪ መቼ ቀጥታ ያወራል፤ ተውኩት።

ሲስተር ደብሬ መጣች፣ አዋላጇ።
ቁመቷን አላደነቀች፣ ጎማዋን አልነካች፤
የኋላውን በር ከፈተች፣
ጫማዋን አወለቀች፣
ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተኛች።
«ንዳ» አለችኝ። «እነሱ የሚተኙት እዚህ ነው።»

ነዳሁ።
የገበያው ጠጠር፣ የትምህርት ቤቱ ቦይ፣ የሱሃ ቁልቁለት።
«እዚህ ጋ ጮኸች» ትላለች፤ ማንም አልጮኸም።
«እዚህ ጋ ደም ጀመራት።»
በመስተዋቱ አያታለሁ፤ ዓይኗን ጨፍናለች፣
መዳፏ ሆዷ ላይ።
መሪውን የያዘው እጄ ላበው።

ተመለስን። አንድ ብረት ቀነስኩ።
ተኛች። «አሁንም ድንጋዩን አንድ በአንድ ትቆጥርልኛለች።»
ሌላ ብረት ቀነስኩ።
ተኛች። «አሁን ደግሞ እንደ ጀልባ፤ ታጥወለውላለች።»
አሞርዛተሩን ለወጥኩ፣ ትንሽ አጋደልኩት፤
ጎማውን አስተነፈስኩ፣ ጠዋት ደግሞ ሞላሁት።
አራት ጣቱ ከፍታ ሁለት ጣት ተኩል ሆነ፤
ግድግዳዬ በጠመኔ፣ በቁጥር ተሸፈነ።
መንገደኛው ዞሮ ማየቱን ተወ።

በመጨረሻ «አንተ ተኛ» አለችኝ።
መንጃ ፈቃድ የላትም፤ ነዳች።
ሃያ ዓመት ከመኪና ሥር ተኝቻለሁ፤
ከላይ ተኝቼ አላውቅም ነበር።
ብረቱን ሳይሆን መንገዱን ሰማሁት፣
በአከርካሪዬ፣ በጥርሴ፣
ከዋርካው አለፍ ብሎ ደግሞ፣ አንዲት ጉድጓድ፣ በአንጀቴ።

ነሐሴ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ስልክ ጮኸ።
ወሯ ሞላ፤ ምጡ ጠንቷል፤ ከሱሃ ማዶ ናት።
ልየው ነዳ። እኔ ከጎኑ፣ አካፋ ታቅፌ፣
ጆሮዬ ከኋላ።
በውሃው ስንሻገር ዝም አለች፣
በመረሬው ዝም፣ በጠጠሩም ዝም፤
ከዋርካው አለፍ ስንል ግን፣ አንዴ፣
«ኧረ እናቴ!»

«ምጡ ነው» አለ ልየው።
አይደለም። አውቃታለሁ፤ ተኝቼባታለሁ።

ሊነጋጋ ሲል ተወለደች፤ ሴት ናት አሉኝ።
ይበልጣል ብረት ልቀንስ እንደሆነ ጠየቀኝ፤
ከዚህ በኋላ የብረት ነገር አይደለም አልኩት።
ነገ ጋራዡን አልከፍትም፤
አካፋዬን ይዤ እወርዳለሁ፣
ያቺን ጉድጓድ ልሞላ።