ከወንድይራድ ደጅ

ሰላድንጋይ፣ ከድንበሬ፣ ባሕር ዛፍ በተርታ
ተክዬ ስኮራበት ጧትም ሆነ ማታ፤
ቀጥ ብሎ ያደገ፣ ለምለም፣ ለግላጋ፣
ሳልተኛ የምቆጥረው ያንዳንዱን ግንድ ዋጋ።

ጎረቤቴ ወንድይራድ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ፣
«ጥላህ ገደለኝ» ነው ከሰላምታ ጋር ቃሉ።
እኔም እስቅ ነበር፦ «ጥላ ሰው ይገድላል?
ምቀኛ ሲቸግረው ከዛፍም ይጣላል!»

ኅዳር ላይ፣ አንድ ሌሊት፣ ጊደሬ ጠፋችኝ፤
ዱካዋን ስከተል እሱ ደጅ ጣለችኝ።
ሚስቱ ተናኘ ናት ገመድ ያሰረቻት፣
ጭድ የሰጠቻት።
«እስኪሞቅ ተቀመጥ» አለችኝ። ተቀመጥሁ።
ፊቴን ወደ ዛፎቼ አዙሬ ጠበቅሁ።

ከማዶ ቆርቆሮዬ ፀሐይ አርፎበት ጨሰ፤
የደጄ ላይ ውርጭ ቀልጦ ፈሰሰ።
እዚህ ባቄላው ነጭ፣ ባመዳይ ተጨንቆ፣
የሕፃን ሸሚዝ ገመድ ላይ እንደ ጣውላ ደርቆ፤
አንድ ሰዓት። ሁለት። ሦስት።
ጥላዬ ተጋድሟል ደጃፉ ላይ፣ እንደ ባለ ርስት።

ወንድይራድ ምንም አላለኝ።
ያችን ቃሉን እንኳ ዛሬ አልደገመልኝ፤
በጋቢው ጫፍ ብቻ ጫንቃዬን ሸፈነኝ።

ሰባት ዓመት ሙሉ ዓይን አጥቼ አላውቅም፤
ከዚህ በርጩማ ግን አይቼ አላውቅም።

ጊደሬን አስገባሁ፣ መጥረቢያ አነሳሁ፤
ዘጠኙን ጣልሁና በቀሩት ላይ ሳሳሁ።
ስስትም ባሕር ዛፍ ነው፤ ግንዱ ቢቆረጥም
ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ባንድ ቀን አይነቀልም።

በማግስቱ፣ ማልጄ፣ በክፍተቱ ሳይ፣
ተናኘ ያን ሸሚዝ አስጥታለች፣ ፀሐይ ላይ።