ባዝራና ቦዬ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ኦሪሲያ ነቃች፣
ውጭው ማኒቶባ፣ ሠላሳ ከዜሮ በታች፤
እሷ ግን በላብ ራሰች፣
አንሶላውን ረግጣ መስኮት በረገደች።
«አበድሽ ወይ?» አለ ቦህዳን፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ፤
በረዶ ዘግና አንገቷ ላይ ብታኖር፣ ቀለጠ ተንጠባጥቦ።

እኛ «ማረጥ» እንለዋለን፤ ሲጠሩት ደረቅ ይላል፣
ጅራቱን ቢቆርጡት ግን «ማረ» የሚል ይቀራል።
ማን ማንን እንደማረ እንጃ፣
ሴቲቱን ደሟ ይሁን፣ ወይ ደሟን ሴቲቱ፤
ኦሪሲያ አማርኛ አታውቅም፣
የምታውቀው ማላቡን ነው፣ መነጫነጩን በከንቱ።

እንቅልፍ እንቢ ሲላት ወረደች ወደ ጋጣ፣
የባዝራዎቹ ትንፋሽ በበሩ እንደ ጉም ሲወጣ።
ስልሳ ባዝራ በተርታ፤ ሁሉም እርጉዝ፣ ሁሉም ዝም፣
ከኋላቸው የጎማ ከረጢት፣ ከከረጢቱ ቱቦ ረዥም፤
ጠብ... ጠብ... ሽንታቸው በርሜል ይሞላል፣
ሰኞ ሰኞ መኪና መጥቶ ይጭነዋል፤
ከዚያ ወዲያ ክኒን ነው፤ የሆነች ሴት ትውጠዋለች፤
ሃያ ሁለት ዓመት ስትቀዳ፣ «ማን ናት?» ብላ አልጠየቀች።

ሐሙስ፣ ብራንደን ከተማ፣ ዶክተር ፔነር ዘንድ፦
«ስሙ ነው የሚያምታታው፤ ላስረዳሽ አንድ ባንድ።
ክኒኑን ‹የተፈጥሮ› ይሉታል፤ እውነት ነው፣ ከባዝራ ይቀዳል፤
ይሄ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ከቦዬ ተነሥቶ በፋብሪካ ይበጃል፤
ሲያልቅ ግን፣ የገዛ ገላሽ ያፈልቀው ከነበረው
በምንም አይለይም።»
ኦሪሲያ ሳቀች፣ ተራ ጠባቂው ሁሉ እስኪሰማ፦
«የተፈጥሮው የፈረስ፣ የፋብሪካው የእኔ ነዋ!»

«ከዘመድ የጡት ነቀርሳ ያመመው?»
«አክስቴ ስቴፋ።» ብዕሩ ቆመ።
ሳቁም ቆመ።
«እንግዲያስ የጡት ራጅ ይቀድማል። ማህፀንሽስ?»
«አለ፤ ሥራ ፈትቶ።»
«ፕሮጀስትሮን ይታከላል፤
ኤስትሮጅን ብቻውን አይሰጥም ለእሱ ከቶ።»

መጋቢት ላይ፣ ራጁ ንጹሕ ሆኖ፣
ከእምብርቷ በታች ለጠፈች፤
ቴምብር የምታህል ነገር፣
ለማን እንደምትላክ ያልተጻፈባት።
ማታ ማልቫ የምትባለዋን ባዝራ ጎን ተደገፈች፣
ውርንጭላው ከውስጥ ሲራገጥ መዳፏን መታት።
«ያንቺን አልወሰድኩም» አለቻት።
ማልቫ ጆሮዋን እንኳ አላዞረች፤
ድርቆሿን አላመጠች።
ቱቦው ጠብ አለ። በርሜሉም እንደ ወትሮው።

ሲነጋ ልብሷን ስትለውጥ፣ ከልጥፏ ጠርዝ ላይ
አንድ ቀይ የባዝራ ጸጉር ተጣብቆ አየች።
ልትነቅለው ጥፍሯን ሰደደች፤
ተወችው።