አዘግይተው የሠሩት ሰዓት

ጉሙ ወርዶ ባሕሩን ዋጠው፣ ሰማይና ውኃው አንድ ሆኑ፣
ሎፎተን ላይ፣ በየካቲት፣ ገና ሳይነጋጋ ቀኑ።
ኦድሩን መሪውን ይዛለች፣ ዓይኗ ካረንጓዴው ነጥብ፣
በግራዋ ቋጥኝ አድፍጧል፣ ጀልባ በልቶ የማይጠግብ።

አባቷ ብረት አንጠልጥለው፣ የባሕር ሆድ ሲዳስሱ፣
ጭቃውን በጣት እያሹ፣ ቦታቸውን ሲያስታውሱ፣
ኖሩ።
እሷ ግን ገመዷን ዛሬ፣ ወደ ሰማይ ወርውራለች፤
ሃያ ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ፣ ሰዓት ታነጋግራለች።

ሃልቫር፣ ከትምህርት ኮብልሎ ዓሣ የመረጠው ልጅ፣
መረብ ሲጠግን ነገራት፣ መርፌ እንደያዘ በእጅ፦
«እዚያ የምድር ክንድ ላልቷል፣ ጊዜ ቀሎት ይሮጣል፤
አርባ አምስቱን አትርፎ፣ በበረራው ሰባት ያጣል።
የሴኮንድ ሚሊዮንኛ፣ ሠላሳ ስምንት ነው ትርፉ፤
ዝም ቢሉት፣ ባንድ ቀን ብቻ፣ አይቀርም ነጥብሽ መንሳፈፉ፣
አሥር ኪሎ ሜትር ርቆ።
ተራራ ላይ።»

«ታዲያ ማን አስተካከለው?»

«ሳይነሣ ገና ከምድር፣ አዘግይተው ነው የሠሩት፤
እዚህ ውሸታም አድርገው፣ እዚያ እውነት እንዲናገር ላኩት።»

ኦድሩን ዝም አለች።
አባቷ፣ ሚስታቸውን ተሰናብተው ከቤት ሲወጡ፣
ሁለት ሰዓት ጨምረው ነበር የሚነግሯት መቼ እንደሚመጡ፤
እንዳትሰጋ።
አንድ ሌሊት ግን የተጨመረውም አለቀ።

መሪውን ሁለት ዲግሪ አዞረች።
በግራ፣ ጉሙ ውስጥ፣ ማዕበል ቋጥኙ ላይ ተፋጨ፤
ራቀ።