ተራ

እኛ ቤት ስም አያወጡም፤ ልጅ በተራው ይጠራል፤
ጄታ ይባላል በኩሩ፣ ማይላ ይከተለዋል፣
ሦስተኛው ሳይላ ነው፣ አራተኛው ካይላ ይሆናል፣
ካንቻ ሲባል እናት ታርፋለች፤ መቁጠሩ ያበቃል።

ነጩም ቤት እንዲሁ ነበር፤ ሥልጣን በተራ ይወርዳል፣
ከአባት ለልጅ አይደለም፤ ወንድም ከወንድም ይወስዳል።
ስም በረድፍ የሰፈረበት ጥቅል መዝገብ ነበራቸው፤
ታላቁ ዓይኑን ሲከድን አክሊል ይደፋል ታናሻቸው፤
የመረግድ ዘለላ በግንባር፣ የወፍ ላባ በአናታቸው።

"ንጉሡስ?" ብዬ ብጠይቅ፣ አያቴ ሳቀ በድዱ፤
"ንጉሡማ ነበረ፤ እንደ ሠረገላ ጣዖት፣
ባመት አንዴ ነው መውረዱ።"

ያኔ ከቢምፌዲ ወዲህ መንገድ የለ፤ ያለው ዳገት፣
ፒያኖ ይሁን መኪና፣ ይሁን የእብነ በረድ ሴት፣
ሁሉም በሰው ግንባር ገባ፣ በናምሎ፣ በጠፍር ጉልበት።
የዚያ ዓመት ዕቃ መስተዋት ነው፤ ቁመቱ ከሰው የላቀ፣
በመርከብ መጥቶ፣ በባቡር፣ በገለባ እየተጠበቀ፤
ላዲሱ ባለ ላባ ነው፣ ፊቱን አይቶ ላላወቀ።

አራቱ ወንድማማቾች ስም ሳይሆን ተራ አስመዘገቡ፤
ካንቻን ለእናት ትተው፣ ሌሊቱን ዳገት ገቡ።

በሁለተኛው ቀን ዝናብ። ገለባው ራሰ፣ ሸተተ።
"ብሩን ይበላዋል!" ብሎ አለቃው ገፎ ጎተተ፤
ሳይላ ዕርቃኑን መስተዋት አዝሎ ከጭጋግ ተከተተ።

ከኋላ የሚመጣው ካይላ ነበር፣ ሻማ ተሸክሞ፤
ድንገት ቀና ሲል አንድ ልጅ አየ፣ ከፊቱ ቆሞ፣
ግንባሩ በጠፍር የተሰነጠቀ፣ ዓይኑ በላብ ታሞ።
"ማነህ?" አለው።
ያም "ማነህ?" አለ፤ ድምፅ ግን የለውም፣ ከንፈር ብቻ።
ካይላ ሳቀ። ያም ሳቀ።
አራት ቀን ሙሉ ከገዛ ፊቱ ጋራ ወጣ፤
ከበላዩ ተራራ፣ ከጎኑ ደመና፣ አልፎ አልፎ አሞራ፣
ሁሉም በሳይላ ጀርባ ላይ፣ ተራ በተራ።

ሳይላ ግን ምን አየ? የፊተኛውን ተረከዝ።
የጄታን ተረከዝ፣ እንደ በጋ መሬት የተሰነጣጠቀ።
ቻንድራጊሪ አፋፍ ላይ ያ ተረከዝ አንሸራተተ፤
ጥቂት ድንጋይ ተከተለ። ጩኸት አልነበረም። ጄታ ሞተ።
አለቃው ወርዶ አየ፤ መጀመሪያ የነካው ሸክሙን ነው፤
"ክፈፉ ደኅና ነው" አለ። ቀጥሎ፦ "ማይላ፣ ተራህ ነው።"

ያን ሌሊት ከሸለቆው የሰዓት እላፊ መድፍ ሲተኮስ
አያቴ እንዲህ አሰበ (ወይ ኋላ ይሆናል፣ ሲያስታውስ)፦
እነሱም ቤት፣ እኛም ቤት፣ ወንድም ሲሞት ወንድም ይተካል፤
እዚያ ላባ ይወረሳል፣ እዚህ ጠፍር ይታጠቃል።
"ሕጉ አንድ ነው" አለኝ፤ "ልዩነቱ ክብደቱ ላይ ነው።
ላባ ይቀላል። ቀላል የተሸከመ ነው የሚፈራው፣
ነፋስ ይወስድብኛል ብሎ።"

መቶ ዓመት ከምናምን፤ ከዚያ ነፋሱም መጣ።
ነጩ ቤት ቢሮ ሆነ፤ የጭፈራ አዳራሹን ፋይል ሞላው፣
መልበሻ ክፍሉ መስኮት ቁጥር ዘጠኝ ተባለ።

ዛሬ እኔ እዚያ ቆሜአለሁ፣ በአያቴ ስም የመሬት ወረቀት ላወጣ።
ጸሐፊው ቀና ሳይል፦ "ሳይላ ስም አይደለም፤
ሳይላ ተራ ነው። ተራ ነገር አልመዘግብም። ሙሉ ስም አምጪ።"
ሙሉ ስሙን የሚያውቁት ሞተዋል።
"እንግዲያው ተራሽን ጠብቂ።"
ስድሳ ሦስት ነኝ።

ከግድግዳው፣ ከቀን መቁጠሪያው ጎን፣ አንድ መስተዋት፣
ብሩ እንደ ለምጽ የተላጠ፣ ቁመቱ ግን ከሰው የላቀ።
ፀጉሬን ላስተካክል ቀረብኩ።
ሰፊ ጉንጭ። ጠባብ ዓይን።
ግንባሬ ለስላሳ ነው፤ ጠፍር አላረፈበትም፣
ቢሆንም በጣቴ ዳበስኩት።

ያዘለው ሰው ይህን ፊት አላየም፤ በጀርባው ነበር።
ሰማንያ ዓመት ዘግይቶ እዚህ ደረሰ፣ በእኔ እግር።

"ስድሳ ሦስት!" ከመስኮቱ። "ስድሳ ሦስት!"
ከኋላዬ ያሉ ሽማግሌ ትከሻዬን ነኩ፦
"ልጄ፣ ተራሽ ነው።"
"እርስዎ ይለፉ፣ አባባ" አልኩ፤
"ሳይላ ገና እያየ ነው።"