ቋጠሮ

ሰኞ ነው። ጦሳ ጉሙን እስከ አንገቱ ለብሷል፤
የክሊኒኩ በር ሳይከፈት አንድ ሰው ደርሷል።
ጋሽ ይማም እብሬ፣
ቧንቧ ውሃ መታጠፊያ ላይ መፋቂያ የሚሸጡት ለሰፈሬ።
አንድ እስር ወይራ ታቅፈው፣ በኩታ ጫፍ አፋቸውን ከድነው፣
«ልጄ፣ አፈርኩ» አሉኝ፣ ወንበሩን በዓይናቸው መዝነው።

«ሠላሳ ስድስት ዓመት የሰው ጥርስ ሳስነጣ፣
የእኔው ድድ ይደማ ጀመር፤ ይህ ከየት መጣ?
ላዩን እፍቀዋለሁ፤ ላዩ ነጭ ነው፣ ላዩ ደህና፤
ቆሎ ስቆረጥም ግን ደም ደም ይለኛል እንደገና።»

መስተዋቷን አስገባሁ፤ መብራቱን ዝቅ አደረግሁ፤
ቀጭኑን መለኪያ በድዱ ጠርዝ ሰደድሁ።
ሁለት ሚሊሜትር መሆን የነበረበት፣
ሰባት ሆኖ ወረደ፣ ኪስ ተቆፍሮበት።

«እዚህ ጓዳ አለ፤ ፀሐይ ያላየው፤
አየር የሚጠላ ባክቴሪያ ገብቶበታል፣ የጥርስ ድንጋይ ከልሎ ያቆየው።»
«አውጪልኛ በወስፌ!»
«አይታይም ጋሽ ይማም፤ መርፌ ጫፍ ላይ ሺህ ቢሰፍር፣
ለሌላ ሺህ ይተርፋል ሰፈር።
ከቤቱም ንቅንቅ አይልም። ቆዳውን ወደ ውጭ ይነፋል፤
ያበጠው አንገቱ ይጠብና ተበጥሶ ይንሳፈፋል።
ትንሽ ቋጠሮ ናት፣ የአባቷን ቆዳ የለበሰች፣
መቀስና መርዝ ጭና በምራቅ ጎርፍ የፈሰሰች።
መቀሱ ሥጋን ከሥጋ የሰፋውን ክር ይቆርጣል፤
መርዙ ከድዱ ሴል ደጃፍ ‹ቤቶች!› ይልና ይሰምጣል።
ሴሉ እንግዳ መስላው ክንዱን ዘርግቶ ያቅፋታል፤
ባክቴሪያው እግሩ ያልረገጠውን እልፍኝ ይከፍትላታል።»

«አጥንቴስ?» አሉ፣ የታች ጥርሳቸው ከጣታቸው ሥር እየተወዛወዘ።
«እሱን ያፈረሰው የራስዎ ዘበኛ ነው፣ ሌባ ሲያባርር የተናወዘ።
ጥሩንባ ሰምቶ ይወጣል፤ ሌባው ግን ከጓዳው ተኝቷል፤
ዘበኛው ቋጠሮዋን ብሎ ሲሰነዝር ምሰሶውን መትቷል።»

ዝም አሉ።
ውጭ አንድ ባጃጅ ወደ ሸዋ በር ቁልቁል ጮኾ አለፈ።
«ድንጋዩን ፍቄ አነሣለሁ፤ መድኃኒትም እሰጥዎታለሁ፤
ባክቴሪያውን እገድለዋለሁ።»
«ቋጠሮዋስ? አባቷ ሲሞት እሷም አብራ ትሞታለች?»

እጄ አየር ላይ ቀረ።
ኮሌጅ ሳለሁ ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም ነበረ።
«አትሞትም» አልኩ። «ነፍስ የላትማ። ላኪዋ ሞቶም ትቀራለች፤
መቀሷ እስኪዶለዱም ሥራዋን ትሠራለች።»

ሳቁ፤ ቀይ ሳቅ።
«ባቲ ወርዶ የቀረ ወንድም ነበረኝ፤
የአባታችን ወይራ ሲከፈል ጊዜ ቂም የቋጠረብኝ።
አሥራ ሁለት ዓመት ደሴን በእግሩ አልረገጣትም፤
ቃሉ ግን አንዲት ሰኞ እንኳ አትቀርም።
ከግመል ነጋዴ ጋር፣ ከሚኒባስ ረዳት ጋር፣ ጨው ከሚያመጣው ጋር፣
‹ይማም በሐሰት ምሏል› የምትል ትንሽ ነገር።
ሚስቴ ጆሮ ሰጠቻት። ልጄ አሳደራት።
እኔም ዘበኛ ሆኜ ዱላ ሳነሣ፣
የሰበርኩት የቤቴን ማገር ነው፤ እሱ ባቲ ተኝቶ፣ ምን ሊነካው እሳ?
አምና በኅዳር ሞተ። ወርጄ በእጄ አፈር አለበስሁት።
ትናንት ሰርግ ቤት ያንኑ ቃሉን ትኩሱን ሰማሁት።»

ምንም አልመለስኩም። ምን እመልሳለሁ?
ድንጋዩን መፋቅ ጀመርኩ፤ ሰሐኑ ላይ ኮሽ እያለ፣ ቁራጭ በቁራጭ፣
ጥቁር፣ እንደ ከሰል ብናኝ፣ ሥር የያዘው እልኸኛ ተቀማጭ።
ሁለት ጊዜ ተፉ። ሦስተኛው ምራቅ ሮዝ ነበር።

ሲወጡ ከእስሩ አንዲት ወይራ መዝዘው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ፤
«አንቺም» አሉኝ «ላይ ላዩን ብቻ አትፋቂ»፤ ይህን ብቻ ተናገሩ።
በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ነበር፤
ወደ ቧንቧ ውሃ ይሁን፣ ወደ ባቲ መኪና መናኸሪያ፣
ጉሙ ወርዶ መንገዱን ስለያዘ፣
አላየሁም።